ፊልም አገር አለውን?

ከ35 ነጥብ 18 ያገኘ ፊልም የብሪታንያ ፊልም ነው፤ 17 ያገኘ ግን አይደለም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሕግ ነው። የብሪታንያ መንግሥት ለአገሩ ፊልም የሚሰጠውን የግብር ድጋፍ የሚፈልግ ሁሉ፣ ከሌላ አገር ጋር በስምምነት የሚሠራ ካልሆነ በቀር፣ «የባህል ፈተና» የሚባለውን ማለፍ አለበት። ታሪኩ የሚፈጸመው ብሪታንያ ውስጥ ከሆነ እስከ 4 ነጥብ፣ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ከሆነ እስከ 6 ነጥብ፣ ቀረጻው እዚያ ከተካሄደ ይህን ያህል፣ ዳይሬክተሩ፣ ደራሲው፣ ሙዚቃ ቀማሪው የአገሩ ሰው ከሆነ ደግሞ ይህን ያህል እየተባለ ይደመራል። ፈተናው የተጀመረው በ2007 ነው፤ ነጥቦቹ ኋላ ተሻሽለዋል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ተማሪዎች በነጥብ ማለፍና መውደቅ ምን እንደሆነ የሚነግረን አንፈልግም። ሰው በነጥብ ሐኪም ይሆናል፣ በነጥብ መሐንዲስ ይሆናል። በነጥብ የአገር ልጅ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። እርግጥ ብሪታንያ ወደ አገሯ የምታስገባውን የውጭ ሠራተኛም ነጥብ እየደመረች ነው የምትቀበለው፤ ስለዚህ ቢያንስ ከራሷ ጋር አልተጣላችም።

«ግራቪቲ» የተባለውን የ2013 ፊልም እንውሰድ። ዳይሬክተሩ አልፎንሶ ኩዋሮን ሜክሲኳዊ ነው። ሁለቱ ዋና ተዋንያን፣ ሳንድራ ቡሎክና ጆርጅ ክሉኒ፣ አሜሪካውያን ናቸው። ገንዘቡ የሆሊውድ ነው። ታሪኩ ሎንዶን ወይም ማንችስተር አይፈጸምም፤ ምድር ላይ እንኳ አይደለም፣ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጠፈር ላይ ነው። የተቀረጸው ግን ሎንዶን አጠገብ ባሉ ስቱዲዮዎች ነው፤ ያንን ሁሉ ኮከብና ጥቁር ባዶነት በኮምፒውተር የፈጠሩትም ሎንዶን ውስጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። በ2014 የብሪታንያ ፊልም አካዳሚ የዓመቱ ምርጥ የብሪታንያ ፊልም ብሎ ሸለመው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ግራ ገባው፤ ግራ መግባቱም ተገቢ ነበር።

ነገሩን ወደ እኛ ቤት አምጥተን በጋቢ እንየው። ጥጡ ከአንድ አገር መጣ እንበል፤ የፈተለችው ሴት ሌላ፣ የሸመነው ሰው ሌላ፣ ብሩን ያወጣው ነጋዴ ሌላ፣ ለብሶት የሚዞረው ደግሞ ሌላ። ጋቢው የማን ነው? ነጋዴው «የእኔ ነው» ይላል፤ ሸማኔውም ይላል። ሕጉ በየክሩ ነጥብ ሰጥቶ ይደምራል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ጋቢ የማንን ብርድ ነው የሚያውቀው?

አንድ ነገር አስቀድመን እናንሳ። እኛ በአማርኛ «እንግሊዝ» ብለን ሁሉንም ጠቅልለን እንጠራለን። ስኮትላንዳዊው ይሰማን ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ዌልሳዊውም እንደዚያው። እዚህ «ብሪታንያ» ስንል አገሪቱን በሙሉ፣ «እንግሊዝ» ስንል ያንኑ በአፋችን የለመድነውን ስም ማለታችን ነው። ያም ሆኖ «ብሪታንያዊ» የሚለው ቃል ራሱ በውስጡ ያልተጨረሰ ክርክር እንዳለበት ከወዲሁ ልብ ይባል።

ክርክሩ በዳቦ ነው የተጀመረው። በ1920ዎቹ የብሪታንያን ሲኒማ ቤቶች የሞላው የአሜሪካ ፊልም ነበር። ስለዚህ ፓርላማው በ1927 ሕግ አወጣ፦ ማንኛውም ሲኒማ ቤት ከሚያሳየው ውስጥ የተወሰነው ክፍል የብሪታንያ ፊልም መሆን አለበት አለ። እንግዲህ «የብሪታንያ ፊልም» ምንድን ነው የሚለውን መተርጐም ግድ ሆነ። ሕጉ ካስቀመጣቸው መለኪያዎች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ የስቱዲዮው ቀረጻ በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ውስጥ የተካሄደ፣ ከሚከፈለው ደመወዝም ሦስት አራተኛው ለንጉሡ ተገዥዎች የሚደርስ። በቃ። ስለ ይዘቱ አንድ ቃል የለም። ውጤቱም የሚጠበቀው ሆነ፤ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኮታውን ለመሙላት ያህል በርካሽና በጥድፊያ የሚመረቱ ፊልሞች ማሠራት ጀመሩ። አንዳንዶቹ በጧት፣ ጽዳት ሠራተኞች ወንበር በሚጠርጉበት ሰዓት፣ ለሕጉ ሲባል ብቻ ይታዩ ነበር ተብሎ ይወራል። ቢሆንም ከዚያ ቆሻሻ ውስጥ ሰው ወጣ፤ ማይክል ፓውል ሙያውን የተማረው በእነዚያ የጥድፊያ ፊልሞች ነው።

ያ ሕግ የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት በሙሉ ብሪታንያ ነው ይላል። ማያ ላይ ስንሄድስ? በ1935 «የወንዙ ሳንደርስ» የተባለ ፊልም ወጣ። ፕሮዲዩሰሩ አሌክሳንደር ኮርዳ፣ ዳይሬክተሩ ወንድሙ ዞልታን ኮርዳ ነበሩ፤ ሁለቱም ሃንጋሪ ተወላጆች ናቸው። አንድ ነጭ ሹም ናይጄሪያ ውስጥ «ልጆቹን» እንዴት በሥርዐት እንደሚገዛ የሚያሳይ ነው። ታላቁ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ፖል ሮብሰን የአንድ ጐሣ አለቃ ሆኖ ተጫወተበት፤ የአፍሪካን ባህል ያከብራል ብሎ ነበር የገባበት። ፊልሙ ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ ሲያልቅ ግን የቅኝ ግዛት ውዳሴ ሆኖ አገኘው፤ አውግዞትም ኖረ። ከኋላ ቆመው ከሚታዩት አጃቢዎች መካከል ደግሞ ሎንዶን የሚማር አንድ ኬንያዊ ነበር፤ ጆሞ ኬንያታ። ያው ኬንያታ በዚያው በ1935 ኢጣሊያ በአገራችን ላይ ስትነሣ ሎንዶን ውስጥ የተቋቋመው የአቢሲኒያ አፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር አባል ነበር። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በካሜራ ፊት የዱር ሰው፣ በስብሰባ አዳራሽ የነፃነት ጠበቃ። ሲኒማው የመጀመሪያውን ቀረጸ፤ ሁለተኛውን አልቀረጸም።

ይህም አልበቃ ብሎ በ1939 የቅኝ ግዛት ፊልም ክፍል የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሥራው ለአፍሪካውያን ተመልካቾች ፊልም ማዘጋጀት ነበር። ሰዎቹ የያዙት እምነት አፍሪካዊ ዐይን ፈጣን ነገር አይገባውም የሚል ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉ ቀስ ይበል፣ አንድ በአንድ ይቅረብ፣ ምትሃት አይኑርበት ተባለ። እንግዲህ ስለ ብሪታንያ ሲኒማ ለመናገር ምን አገባችሁ የሚለን ካለ መልሳችን ይኸው ነው። ስለ ዐይናችን እነሱ ከተናገሩ ስለ ማያቸው እኛም ጥቂት ብንናገር ነውር የለበትም።

ሕጉን ትተን ወደ ጠባይ እንምጣ። ብዙ ሰው የብሪታንያ ሲኒማ የሚታወቀው በጠባዩ ነው ይላል፦ ቁጥብነት፣ ስሜትን መደበቅ፣ ጭጋግ፣ ሻይ፣ ፊት ሳይስቅ የሚነገር ቀልድ። ለዚህ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የዴቪድ ሊን «አጭር ግንኙነት» (1945) ነው። ባለትዳር ሴትና ባለትዳር ሐኪም ባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ውስጥ ተዋወቁ፤ በየሐሙሱ ተገናኙ፤ ተፋቀሩ፤ ተለያዩ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰነባበቱ አንዲት ለፍላፊ የምታውቃት ሴት መጥታ አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። አንዲት ቃል እንኳ ሳይነጋገሩ ሰውየው ትከሻዋን በእጁ ነካ አድርጎ ይሄዳል። አለቀ። ኧረ የት አለ ልቅሶው! የኛ ሰው ቢሆን ጣቢያውን ያናውጠው ነበር። ግን ያቺ የትከሻ ንክኪ ከብዙ ልቅሶ ትከብዳለች፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ጠባይ መለኪያ ነው እንበልና ጠባዩን ማያ ላይ ያኖሩት እነማን እንደሆኑ እንይ። የእንግሊዝን ንጉሥ ታሪክ ለዓለም ገበያ ያበቃው «የሄንሪ ስምንተኛ የግል ሕይወት» (1933) የአሌክሳንደር ኮርዳ ሥራ ነው። ከማይክል ፓውል ጋር የሚጽፈው ኤመሪክ ፕሬስበርገር ናዚዎችን ሽሽት ከበርሊን የወጣ ሃንጋሪ ተወላጅ አይሁዳዊ ነው። ከኢሊንግ ስቱዲዮ ኮሜዲዎች ሁሉ እጅግ እንግሊዛዊ የሚባለውን «የአሮጊቷ ገዳዮች»ን (1955) የጻፈው አሜሪካዊ፣ የመራው አሜሪካ የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነው። ኋላም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እንግሊዝን በአሮጌ ቤተ መንግሥት፣ በነጭ ልብስና በአረንጓዴ መስክ የሣሉልን «የሃዋርድስ ኤንድ» ሠሪዎች እነማን ናቸው? ፕሮዲዩሰሩ ኢስማኢል መርቸንት ሕንዳዊ፣ ዳይሬክተሩ ጄምስ አይቮሪ አሜሪካዊ፣ ጸሐፊዋ ሩት ፕራወር ጃብቫላ ጀርመን የተወለደች አይሁዳዊት። እንግዳ የባለቤቱን ቤት ከባለቤቱ አብልጦ ያያል ይባላል፤ ምናልባት። ምናልባትም «ጠባይ» የምንለው ነገር ከደም የማይወርስ፣ ማንም አይቶ ሊለብሰው የሚችል ልብስ ስለሆነ ይሆናል።

የፓውልና የፕሬስበርገር «የኮሎኔል ብሊምፕ ሕይወትና ሞት» የወጣው በ1943፣ ሎንዶን በቦምብ ቆስላ ባለችበት ጊዜ ነው። ፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚልቀውን፣ ልብ የሚነካውን ንግግር የሚናገረው አንድ ጀርመናዊ መኮንን ነው፤ ናዚዎችን ጠልቶ፣ ልጆቹን ለናዚ አጥቶ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ እንግሊዝ አገር ለመጠለል ስደተኞች በሚጠየቁበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ደግሞ ደግ ግን ዘመኑ ያለፈበት ቂል ሆኖ ቀረበ። ቸርችል ተቆጡ፤ ፊልሙን ለማስቆም ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እኛ ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ። በጦርነት መካከል ጠላትን ሰው አድርጎ ማሳየት፣ ራስንም በራስ ላይ አስቆ ማሳየት፣ ይህን የሚያደርግ ፊልም የማንም ገንዘብና የማንም ደም ይኑርበት፣ ስለ ብሪታንያ ለብሪታንያ የተነገረ ነው። ሹማምንቱን ያስቆጣውም የራሳቸው ስለነበረ ነው። የሌላ አገር ፊልም ቢሆን ማን ይቆጣ ነበር?

ጠባዩ ራሱ ደግሞ ባለበት አልቆመም። «አጭር ግንኙነት»ን ካየን በኋላ የመርቸንትና የአይቮሪን «የቀኑ ቅሪት» (1993) እንይ። ልብ ወለዱን የጻፈው ናጋሳኪ የተወለደው ካዙኦ ኢሺጉሮ ነው፤ ዋናውን ሰው የተጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስ ዌልሳዊ ነው። ነገሩ ስለ አንድ የቤት አሽከሮች አለቃ ነው፤ ስቲቨንስ ይባላል። ጌታው ሎርድ ዳርሊንግተን ለናዚዎች የሚራራ መኳንንት ነው። አባቱ ፎቅ ላይ ሲሞት ስቲቨንስ ታች እንግዶችን ያስተናግዳል፤ ፊቱ አይለወጥም። ጌታው ሁለት ስደተኛ አይሁዳውያን ልጃገረዶች ከቤቱ ሥራ ይባረሩ ብሎ ሲያዝ ስቲቨንስ ትእዛዙን ይፈጽማል፤ ፊቱ አይለወጥም። አብራው የምትሠራው ሚስ ኬንተን ትቆጣለች፤ እነሱ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ ትላለች፤ ግን አትሄድም፤ የምትጠጋበት የላትምና። የምትወደው እሱን ነው፤ እሱም ይወዳታል፤ ፊቱ አሁንም አይለወጥም።

በ1945 ያንን ቁጥብነት እንደ ክብር አይተን አለቀስንለት። በ1993 ያው ቁጥብነት፣ ያው የተዘጋ ፊት፣ ያው «ይቅርታ፣ ሻይ ይጨመርልዎ?» የሚል አንደበት የወንጀል ተባባሪ ሆኖ ቆመ። እኛ የብሪታንያ ሲኒማ ተለወጠ ስንል ዋናው ለውጥ ይህ ይመስለናል። ቀለም መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ፣ የእነሱ ለውጥ ለማንም ይታያል። የከበደው ለውጥ በአንድ ጠባይ ላይ የተሰጠው ፍርድ መገልበጡ ነው። ጨዋነት መቼ ነው በጎነት፣ መቼ ነው ፍርሃት? ዝም ያለ ሰው መቼ ታገሠ፣ መቼ ተባበረ? ይህ ጥያቄ የብሪታንያ ብቻ አይደለም፤ ጨዋነትን በዝምታ የሚመዝን ሕዝብ ሁሉ የሚጠየቀው ነው። እኛም «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው።

አንድ ጓደኛችን ይህን ስናነብለት ተቃወመን። «እናንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ፍርድ ቤት ታደርጉታላችሁ፤ ሰው ለመሣቅ ፊልም አይግባ እንዴ?» አለን። ይግባ እንጂ! እንዲያውም ይህ ፍርድ በሣቅ ነው የጀመረው። የኢሊንግ «ደግ ልቦችና ዘውዶች» በ1949 የወጣ ኮሜዲ ነው። ከመኳንንት ቤት የተገፋች እናት ልጅ፣ ማዕረጉን ለመውረስ ሲል በመንገዱ የቆሙትን ዘመዶቹን በትሕትና፣ በሚያምር አነጋገር፣ አንድ በአንድ ይገድላቸዋል። ከስምንቱ የቤተሰቡ ሰዎች ወንዱንም ሴቱንም የተጫወተው አንድ ሰው ነው፤ አሌክ ጊነስ። ተመልካቹ ከገዳዩ ጋር ይወግናል፤ ይሥቃል። ጨዋነት ቢላዋ ሊሆን እንደሚችል ከ«የቀኑ ቅሪት» አርባ አራት ዓመት በፊት ተነግሮ ነበር ማለት ነው፤ እየሣቁ ስለሰሙት አልታወቃቸውም ይሆናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የብሪታንያ ሲኒማ ሲነሣ ሁለተኛው የሚነሣው ስም «እውነታዊነት» ነው። ሥሩ በ1930ዎቹ የጆን ግሪርሰን የዶኩመንታሪ እንቅስቃሴ ውስጥ ነው። «የሌሊት ፖስታ» (1936) ደብዳቤ ጭኖ ከሎንዶን ወደ ስኮትላንድ የሚበር ባቡርን ያሳያል፤ ሠራተኞቹ እውነተኛ የፖስታ ሠራተኞች ናቸው፤ ደብዳቤ ሲለዩ የሚታዩበት ፉርጎ ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነበር፤ ባቡሩ የሚሄድ እንዲመስል ሰዎቹ ሆነ ብለው ይወዛወዙ ነበር። ወጪውን የቻለው መንግሥት ነው። ከዚያ በ1956 «ነፃ ሲኒማ» የሚል ስም ይዘው ሊንዚ አንደርሰን፣ ቶኒ ሪቻርድሰን፣ ካሬል ራይዝ መጡ። ወዛደሩን ከአጃቢነት አውጥተው ማያው መሐል አቆሙት። የራይዝ «የቅዳሜ ማታና የእሁድ ጧት» (1960) ኖቲንግሃም ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ፊት ቆሞ አለቃውን የሚረግም ወጣት አመጣ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ወዛደር በእንግሊዝ ፊልም ውስጥ በር ከፋች ወይም አሥቂኝ ነበር።

ነገር ግን አንደርሰንና ሪቻርድሰን ኦክስፎርድ፣ ራይዝ ካምብሪጅ የተማሩ ናቸው። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሥዕል አለ፦ ካሜራው ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ሆኖ የፋብሪካውን ከተማ፣ ጭስ ማውጫዎቹን፣ የተደረደሩትን ጣሪያዎች ቁልቁል ያያል። ያምራል። ተቺዎች ይህን ሥዕል በኋላ በጥርጣሬ አይተውታል፤ እኛም እናየዋለን። ከኮረብታ ላይ ጭስ ውብ ነው፤ ከሥሩ ላለው ሰው ግን ሳል ነው። ኮረብታው ላይ የቆመው ማን ነው? ተወልዶ እዚያ ያደገ ሰው ከተማውን ለማየት ኮረብታ መውጣት አያስፈልገውም።

ይህን ስንጽፍ እኛም የቆምንበትን እናያለን። የተማርን ስለሆንን ስላልተማረው እንናገራለን፤ በልተን ስለራበው ግጥም እንጽፋለን። ይህ መጽሔት ራሱ ስንት «የሠፊው ሕዝብ ብሶት» አትሟል፤ ሠፊው ሕዝብ ግን አያነበውም። ታዲያ ዝም እንበል? አይመስለንም። ዝም ካልንማ ስቲቨንስን ሆንን። መልሱ የሚገኘው ከኮረብታው መውረድ ይቻላል ወይ በሚለው ላይ ነው፤ የወረዱም አሉ።

የኬን ሎች «ኬስ» (1969) ለእኛ ያ ነው። ባርንስሊ የተባለ የከሰል ማዕድን ከተማ። ቢሊ ካስፐር የሚባል፣ ቤት የሚመታ፣ ትምህርት ቤት የሚመታ፣ ከማዕድኑ ጉድጓድ በቀር ዕጣ ያልተጻፈለት ልጅ አንድ ጭልፊት ያሳድጋል። ድርሰቱ የባሪ ሃይንዝ ነው፤ እሱ ራሱ የዚያው አካባቢ ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነበር። ቢሊን የተጫወተው ዴቪድ ብራድሊም የዚያው አገር ተማሪ ነው። የሚናገሩት የሠፈራቸውን እንግሊዝኛ ነው፤ ለሎንዶን ጆሮ እንኳ የሚከብድ። ልጁ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ጭልፊቱን እንዴት እንዳሠለጠናት ሲያስረዳ ያ ሁሉ የሚንጫጫ ክፍል ጸጥ ይላል። እዚህ ላይ ካሜራው ከልጁ በላይ አይቆምም፤ ትክክል ፊቱ ነው። ወንድሙ ጭልፊቷን ሲገድላት ደግሞ የሚያጽናና ሙዚቃ አልተደረገልንም፤ ልጁ ይቀብራታል፣ ፊልሙ ያልቃል።

ግን እውነትም ዋጋ አላት። ርእሰ መምህሩ ልጆቹን በአርጩሜ እጃቸውን ሲመታ የሚታየው ማስመሰል አልነበረም፤ እውነት ነው የተመቱት። በልጆች ላይ ስለሚፈጸም ጭካኔ ለመናገር ልጆችን መምታት ይገባ ነበርን? በበኩላችን አይገባም እንላለን። ትዕይንቱን ደግመን ባየነው ቁጥር ግን ከፊልሙ ሁሉ የማይረሳን እሱ መሆኑን መሸሸግ አንችልም። ሁለቱ አብረው ይኑሩ፤ ማስታረቂያ የለንም።

ስለ ገንዘቡ ጥቂት ብለን እንለፍ። ከ1950 ጀምሮ ከየሲኒማ ትኬቱ ጥቂት ሳንቲም እየተነሣ ብሪታንያ ውስጥ ለተሠሩ ፊልሞች ይከፋፈል ነበር። የአሜሪካ ኩባንያዎች ይህን ሲያዩ ሎንዶን ገብተው ይሠሩ ጀመር። ጄምስ ቦንድ የዚህ ልጅ ነው፤ በ1962 የጀመሩት ፕሮዲዩሰሮች አንዱ አሜሪካዊ፣ አንዱ ካናዳዊ፣ ገንዘቡ የአሜሪካ፣ ንግሥቲቱን የሚያገለግለው ሰላይ ስኮትላንዳዊው ሾን ኮነሪ። በ1985 ያ ክፍያ ቀረ። በ2025 ደግሞ የቦንድ ፊልሞች አቅጣጫ የመወሰን ሥልጣን ወደ አሜሪካው አማዞን ተላልፏል። ቦንድ ግን የተለወጠ ነገር ሳይሰማው ሱፉን ለብሶ ይቀጥላል፤ እሱን እኛ ከልብሱ ለይተን አውቀነው አናውቅም።

ከዚህ ይልቅ ልናቆይበት የምንፈልገው ሌላ ለውጥ ነው። ሕጉ «ተገዥዎች» ያላቸው ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ በመርከብ መጡ፤ አውቶቡስ ነዱ፣ ሆስፒታል አጸዱ፣ ልጆች ወለዱ። ልጆቹ ካሜራ ያዙ። ትሪኒዳድ የተወለደው ሆራስ ኦቬ በ1970ዎቹ አጋማሽ የሠራው «ግፊት» በብሪታንያ ጥቁር ዳይሬክተር የተሠራ የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም ነው። ቶኒ የሚባለው ልጅ ሎንዶን የተወለደ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሷል፤ አነጋገሩ እንደ ማንኛውም የሎንዶን ልጅ ነው፤ እናቱ የእንግሊዝ ቁርስ ትጠብስለታለች። ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ በሩ ሲከፈት ፊታቸው ይለወጣል። ትሪኒዳድ የተወለደው ታላቅ ወንድሙ «አንተ የእነሱ አይደለህም» ይለዋል። ቶኒ ግን የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም። በዚያ በባህል ፈተና ቢቀመጥ ልጁ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር፤ ቋንቋው፣ መኖሪያው፣ ትምህርቱ፣ ቁርሱ ሳይቀር። ጎዳና ላይ ግን ይወድቃል።

ከዚህ ወዲያ በር ተከፈተ። «ባቢሎን» (1980) የደቡብ ሎንዶን ራስታፈሪያን ወጣቶችን ከነሙዚቃቸው አመጣ፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ባንዲራችን በዚያ ብርድ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ የአገራችን ሰው ይየው። ዳይሬክተሩ ፍራንኮ ሮሶ ደግሞ ጣሊያን የተወለደ ነው፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ትቀልዳለች። ባርቤዶስ የተወለደው «የሕልም መቃጠል» (1981) ዳይሬክተር ስሙ ምኒልክ ሻባዝ ነው፤ ከስሙ በላይ ማብራሪያ አያሻም። በ1982 የተከፈተው የቻናል ፎር ቴሌቪዥን ገንዘብ አውጥቶ፣ በስቲቨን ፍሪርስ ዳይሬክተርነት፣ ሐኒፍ ኩሬሺ የጻፈው «ውቡ የልብስ ማጠቢያ ቤቴ» (1985) የፓኪስታናዊ ልጅንና የቀድሞ ፋሽስት ነጭ ወጣትን በፍቅር አገናኘ። ስቲቭ ማክዊን በ2020 «ማንግሮቭ»ን ሲሠራ በ1971 ፍርድ ቤት የቆሙትን የኖቲንግ ሂል ምግብ ቤት ሰዎች፣ ሃምሳ ዓመት ያህል ዘግይቶም ቢሆን፣ በሙሉ ክብራቸው አቆማቸው።

እንግዲህ የራሳችንን መለኪያ እናቅርብ። የፊልም አገሩ በፊልሙ የሚጠየቀው አገር ነው። «ኬስ» ብሪታንያን ይጠይቃል፤ «ብሊምፕ» ይጠይቃል፤ «ግፊት» ይጠይቃል። «ግራቪቲ» ጥሩ ፊልም ነው፤ ማንንም አገር ግን አይጠይቅም፤ ስለዚህ አገር የለውም፤ ጠፈር ይበቃዋል። ጓደኛችን እዚህ ላይ ደግሞ ያዘን፦ «የማክዊን የ2013 ፊልም፣ ስለ አሜሪካ ባርነት የሠራውስ? ዳይሬክተሩ ሎንዶናዊ፣ ተጠያቂዋ አሜሪካ። የማን ሊባል ነው?» አለ። እውነት ነው፤ መለኪያችን እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። የባሪያ መርከቦቹን የላኩት የሊቨርፑልና የብሪስቶል ወደቦች ስለሆኑ ብሪታንያም ከመጠየቅ አታመልጥም ልንል እንችላለን፤ ፊልሙ ግን ያንን አያነሣም። የአሜሪካ ነው ብለን ለአሜሪካ መልቀቁ ይሻለን ይሆናል። ነጥብ ደማሪዎቹ ቢያንስ እንዲህ አይጨነቁም።

ኬን ሎችን ያነሣነው ከሃምሳ ዓመት በላይ ስላላረፈ ጭምር ነው። በ2023 «ዘ ኦልድ ኦክ»ን አወጣ። ማዕድኑ በተዘጋበት የደርሃም መንደር ውስጥ አንድ የቀረ መጠጥ ቤት አለ፤ ከሶርያ የመጡ ስደተኞች ወደ መንደሩ ይገባሉ። ከመንደርተኛው አንዳንዱ ያባርራቸዋል፣ አንዳንዱ እንጀራውን ይካፈላል። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ሥራ አቁመው በተራቡ ጊዜ አብረው ይበሉበት የነበረው የጓዳ አዳራሽ ተከፍቶ ሶርያውያኑና መንደርተኞቹ አብረው ይበሉበታል። የቢሊ ካስፐር አገር ልጆች ናቸው፤ አርጅተዋል፤ አሁን የመጡት ሰዎች «የእኛ» ናቸው ወይ የሚለውን እነሱ ናቸው የሚመልሱት።

የሆራስ ኦቬ «ግፊት» ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለሕዝብ እስኪደርስ ዓመታት ጠብቋል። ገንዘቡን ያወጣው የብሪታንያ ፊልም ተቋም በኋላ ፊልሙን አሳድሶ በ2023 ጥቅምት ወር በሎንዶን ፊልም ፌስቲቫል አሳየው። ኦቬ ያረፈው ከዚያ በፊት ባለው ወር ነበር።